ከደፉ አርባ እርምጃ

ዶራሊሳ አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀችው ሁለት ባልዲ ውሃ ይዛ ነው። ትናንት እዚያ ቦታ ላይ ጉድጓድ አልነበረም። ዛሬ አለ፤ እስከ ጉልበት የሚውጥ፣ አፉ ላይ ገና ያልደረሰ ድንች ከነቅጠሉ ተነቅሎ የተከመረበት። አንዱ ባልዲ ቀሚሷ ላይ ተደፋ፤ ሌላው ቁልቁል እየተንከባለለ አሳማዎቹ ዘንድ ደረሰ።

«ማነው እዚያ? ዳር ዳሩን እንዳትደረምሱት!» አሉ አያቷ ከጓሮው ማዶ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። እግሬ ሊሰበር ነበር፤ ጉድጓዱ ግን ደህና ነው።»

«እሰይ» አሉና መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

ዶራሊሳ እዚያው ጭቃው ውስጥ ተቀምጣ እስከ አሥር ቆጠረች። አልበቃትም። እስከ ሃያ ቆጠረች። አያቷ ዶን ኤሌውቴሪዮ ሚያኩራ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃምሳ ሰባቱን የፈጁት ከቤታቸው ጀርባ ያለውን መሬት በመቆፈር ነው። እሷ ደግሞ አሥራ አራት ዓመቷን ሙሉ የኖረችው ጉድጓድ እየዘለለች ነው። ጎረቤት ሲመጣ አረማመዱን ከደጅ ጀምሮ ማስተማር ያስፈልጋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከመቶ አሥር ዓመት በፊት የስፔን ንጉሥ ወታደሮች ቺሎኤ ደሴት ላይ ተሸንፈው አገሩ በአዳዲስ ወታደሮች ሲጥለቀለቅ፣ የኬኑይር መንደር ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ያዥ ባውቲስታ ሚያኩራ የሚባል ሰው ነበር። የእመቤታችንን የብር ዘውድ ዘራፊ እንዳይወስደው ብሎ ደበቀው። የት እንደደበቀው የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለስምንት ዓመት ልጁ። ልጅን ማን ይመረምራል? «ከደፋችን ወደ ፀሐይ መውጫ አርባ እርምጃ። ንጉሡ እስኪመለስ ማንም እንዳይነካው» አለው። ሳምንት ሳይሞላ የባውቲስታ ጀልባ ተገለበጠችና እሱም ሞተ።

ልጁም ቃሉን ጠበቀ። ንጉሡን ጠበቀ። አደገ፣ አገባ፣ ሸበተ፤ ከሩቅ ሸራ በታየ ቁጥር ኮረብታው ላይ ወጥቶ ያያል። ንጉሡ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። በስድሳ አንድ ዓመቱ የሞት አልጋው ላይ ሆኖ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና፣ ያንኑ ቃል ለሃያ ዓመት ልጁ ለኤሌውቴሪዮ ነግሮ ዐረፈ። ኤሌውቴሪዮ ቀብሩ ባለቀ ማግስት አካፋ አነሱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላስቀመጡትም። ዶራሊሳ ይህን ታሪክ ባሰበች ቁጥር ከአያቷ ይልቅ ንጉሥ ሲጠብቅ በኖረው አባታቸው ላይ ደሟ ይፈላል። ግትርነት በዘር እንደሚወረስ ከዚህ የተሻለ ምን ማስረጃ አለ?

መንደሩ እስከዚያው ዝም አላለም። «ሚያኩራዎች የእመቤታችንን ዘውድ ሸጠው በሉት» ተባለ። መጀመሪያ ያሉት ጎረቤቶቻቸው እነ ዶኛ ፊሎሜና ናቸው ይባላል፤ ኋላ ግን ሁሉም አለው። ከዚያ ወዲህ በዓመቱ በዓል ሐውልቷ በሰው ትከሻ ስትወጣ፣ ለሚያኩራ ቤተሰብ ትከሻ የሚያስገባበት ቦታ አይሰጠውም። እነሱ ከበሩ ጀርባ፣ እርጥብ ካፖርት የሚሰቀልበት ጋ ይቆማሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ዶራሊሳ ምሳዋን ስትፈታ አንዱ ሁልጊዜ «ዘውዱ ጣፈጠሽ?» ይላታል። አያቷም ይህ ሁሉ ስለሚያንገበግባቸው፣ የሚፈልጉትን ነገር ከቤተሰባቸው በቀር ለማንም ትንፍሽ አይሉም።

እስከዚህም ቢሆን ይቻል ነበር። አሁን ግን ባሕሩ መጣ። ባለፈው ነሐሴ የተነሣው ማዕበል የአሳማ ቤቱን ከሁለት እርጉዝ አሳማ ጋር ይዞት ሄደ። ዛሬ ከደፉ እስከ ገደሉ አፍ አሥራ አምስት እርምጃ ብቻ ቀርቷል። እሑድ ደግሞ ትልቁ የባሕር ሙላት ይመጣል፤ ይህን ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ያውቀዋል። አባቷ በግ ሊሸልት ፓታጎንያ ስለወረደ፣ እናቷ በየቤቱ ዞራ ደቦ ጠራች። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ጥማድ በሬ መጥቶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን የእንጨት ቤት ከነጣሪያው ወደ ኮረብታው ይጎትተዋል። እነ ዶኛ ፊሎሜና እንኳ ሁለት ጥማድ ሰጥተዋል፤ በዚህ አገር ሰው ቢኳረፍም ደቦ አይከለከልም።

ሁሉም እሺ ሲል አንድ ሰው ብቻ አሻፈረኝ አለ።

«ደፉ ከዚህ ከተነቃነቀ አርባ እርምጃው ከየት ሊቆጠር ነው?» አሉ ዶን ኤሌውቴሪዮ። «ቤቱን የሚጎትት መጀመሪያ እኔን ይጎትት።»

እናቷ በደፉ ቦታ ካስማ እንትከል ብላ ለመነች። እሳቸው ሳቁባት። ሁለት አሳማ የበላ ባሕር ካስማሽን ሊምርልሽ ነው ወይ አሏት። እናቷ ወደ ማድቤት ገብታ ድስቶቹን አንድ ባንድ ማንኳኳት ጀመረች። ስታለቅስ እንዳይሰማባት የምታደርገው ነው።

*

ሐሙስ ከሰዓት ዶን ኩስቶዲዮ መጡ። በዚያ አካባቢ ቤት ሲጎተት መሪው እሳቸው ናቸው፤ ቤቱ የሚቆምባቸውን ድንጋዮች አይተው፣ በሬዎቹ የሚጎትቱበትን ሰንሰለት የት እንደሚያስሩ ይወስናሉ። በደረታቸው እየተሳቡ ከወለሉ ሥር ገቡ። ዶራሊሳ ፋኖሱን ይዛ ተከተለች። ከላያቸው የአያቷ ጫማ ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰማል።

ዶን ኩስቶዲዮ ዋናውን ግንድ በመዳፋቸው ዳበሱና ሳቁ።

«ይሄ ቤት መንገድ ያውቃል» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ተጉዟል። እዪ፣ ይሄ ሰንሰለት የበላው ነው። ይሄ ደግሞ...» ጣቷን ይዘው ከግንዱ ሆድ ላይ አሳረፉት። ሸካራ ነገር ነካች። ፋኖሱን አስጠጋች። እንጨቱ ውስጥ ደቃቅ የባሕር ዛጎል ከነአሸዋው ተሰክቷል፤ ክብደት ተጭኖት እንደ ምስማር የገባ።

«አባባ ግን ይሄ ቤት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም ይላሉ።»

«እሳቸው ሲወለዱ እዚህ አገኙት፤ ሌላ ምን ይበሉ። ቺሎኤ ላይ ያልተራመደ ቤት የት አለ? የኔ ራሱ ሦስት ጊዜ ተራምዷል። ማን ይሄን እንደ ወሬ ያወራዋል?» አሉና ወደ ሌላኛው ግንድ ተሳቡ።

ዶራሊሳ ግን አልተንቀሳቀሰችም። በጀርባዋ ተኝታ ዛጎሎቹን ታያለች። ቤት ዛጎል ላይ የሚጎተተው የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ በሚገለጠው አሸዋ ላይ ነው። ከኬኑይር ፊት ለፊት እንዲህ ያለ አሸዋ ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሎባ ከምትባለው ትንሽ ደሴት ጋር የሚያገናኘው። ከደፋችን አርባ እርምጃ። የአያቷ አባት ሲሞቱ ያሉት የትኛውን ደፍ ይሆን? እሳቸው ለራሳቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ መናገር አላስፈለጋቸውም። አባባ ደግሞ ቤቱ መጎተቱን አላወቁም፤ ስለዚህ አልጠየቁም። ሃምሳ ሰባት ዓመት! መሣቅ አማራት፣ ማልቀስም አማራት፤ በመጨረሻ ግንዱን በቡጢ መታችው። እጇን አሳመማት።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ መንገድ ነበር። በመንደሩ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ዶኛ ፊሎሜና ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ ቤታቸውም ከአጥሩ ማዶ ነው። አያቷ እሳቸውን ሰላም ካሉ አርባ ዓመት አልፏል። ዶራሊሳ አጥሩን ዘለለች።

አሮጊቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ። የልጅ ልጃቸው ልጅ ቴልሞ፣ የዶራሊሳ የክፍል ጓደኛ፣ እግራቸው ሥር ሆኖ ሱፉን ያፍታታል። የሚያኩራዎች ቤት ከሎባ መጥቶ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ዶኛ ፊሎሜና እንዝርቱን እንኳ አላቆሙም።

«አዎ፤ እኔም እኮ ውስጡ ሆኜ ነው የመጣሁት» አሉ። «አራት ዓመቴ ነበር። ፖም አስይዘው መስኮቱ ላይ አስቀመጡኝ። የኤሌውቴሪዮ አባት ከፊት ከፊት እየሄደ በሬዎቹን ይነዳል። ምንጩ ደርቆባቸው ነው ሎባን የለቀቁት። ኤሌውቴሪዮ ያን ጊዜ አልተወለደም።»

«ታዲያ ለምን ነግረዋቸው አያውቁም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሰላም የማይለኝን ሰው አጥር ዘልዬ ቤትህ ከየት መጣ ልበለው? ደግሞስ የሚቆፍረው የውሃ ጉድጓድ መስሎኝ ነበር። ውሃ የማይወጣለት ምስኪን እያልኩ ሳዝንለት ነው የኖርኩት።»

ዶራሊሳ አመስግና ተነሣች። መልሱ ይህን ያህል ዓመት ከአጥር ማዶ ሱፍ እየፈተለ ተቀምጧል ማለት ነው። አንድ «እንደምን አደሩ» ቢባል ኖሮ!

ቴልሞ አጥሩ ጋ ደረሰባት።

«የዘውዱ ነገር ነው፣ አይደል?»

«የምን ዘውድ?»

«አቦ ተይ እንጂ፣ ዶራ። ሽማግሌው ድንች ለመትከል ብለው ነው እስከ ወገባቸው የሚቆፍሩት? ነገ ሎባ ልትሻገሪ ነው፤ እኔም እመጣለሁ። ካልሆነ አሁኑኑ ለአስተማሪያችን ነገ ከትምህርት ቤት ልትቀሪ እንደሆነ እነግራታለሁ።»

እንደሚነግርባት አውቃለች። ከዚህ በፊትም ነግሮባታል።

*

ዓርብ ጠዋት ውሃው ሲሸሽ ሁለቱ አካፋ ይዘው በእርጥቡ አሸዋ ላይ ወደ ሎባ ተሻገሩ። ደሴቷ ላይ በግና ሳማ ብቻ ነው ያለው። ሳማው በጣም የበዛበት ቦታ ሰው የኖረበት እንደሆነ ቴልሞ ያውቃል፤ እዚያ ሄደው እግራቸውን እያሳከካቸው ሲረግጡት፣ አራት የማዕዘን ድንጋዮች ወጡ። ከአንዱ ጎን ደግሞ ከመሐሉ በእግር ብዛት የጎደጎደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ደፉ ከዚህ በላይ ነበር ማለት ነው። ዶራሊሳ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመችና ወደ ፀሐይ መውጫ አርባ ቆጠረች።

መጀመሪያ የቆፈሩት ባዶ ነበር። ሁለተኛውም። ቴልሞ መነጫነጭ ጀመረ፤ ውሃው ይመለሳል፣ እርቦታል፣ ጫማው ረጥቧል፣ ሰውየው ረጅም ይሁን አጭር ማን ያውቃል። ዶራሊሳ ዝም በል አለችውና ሦስት እርምጃ መለስ ብላ ከአንድ ዐለት ግርጌ ሞከረች። አካፋዋ እንጨት ነካ።

የዝግባ ሣጥን ነበር፤ በሰም ተደፍኖ። ክዳኑ በአካፋው ጫፍ ሲፈለቀቅ ውስጡ በሞራ የተለበጠ ቆዳ፣ በቆዳው ውስጥ ዘውዱ። እንደ ማብሰያ ድስት ጠቁሯል። ዶራሊሳ በእጅጌዋ ጫፍ ከቅጠል ጌጦቹ አንዱን ስታሸው ነጭ መስመር ወጣ። ብር ነው። ባውቲስታ አልሸጠም፤ አልበላም። ይኸው፣ መቶ አሥር ዓመት እዚህ ተቀምጧል።

ቴልሞ አካፋውን ጣለ። ከዚያ «በቃ፣ ሩጪ!» አላት። «ከምሳ በፊት አገሩ ሁሉ ያውቀዋል!»

ታያት። ዘውዱን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ በመንደሩ መሐል ስታልፍ፤ ዘውዱ ጣፈጠሽ የሚሉት ሁሉ አፋቸውን ሲይዙ። እኔ፣ ዶራሊሳ ሚያኩራ፣ አገኘሁት። ከዚያ ቤት ትደርሳለች፤ አያቷ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ቀና ይላሉ። ምን ትላቸዋለች? ይኸው፣ አባባ፤ ሃምሳ ሰባት ዓመት የቆፈሩት በከንቱ ነው፤ እኔ በአንድ ጠዋት አገኘሁት። መጀመሪያ ዘውዱን ያያሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ መሬታቸውን ያያሉ። ከዚያ እጃቸውን።

ተናደደች። እኚህ ሰውዬ እዚህ ድረስ ተከትለዋት መጥተው ደስታዋን ያበላሹባታል! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ እሳቸውን ሳታስብ ብትውል ምን ነበረበት? ዘውዱን በቆዳው ጠቀለለችው። ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው። ክዳኑን ገጠመች። አፈር መመለስ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ቴልሞ።

«እየቀበርኩት ነው።»

«ዶራ፣ ጤና የለሽም? ይሄን ካሳየሻቸው ዛሬውኑ ቤቱን ውሰዱት ይላሉ። ካላሳየሻቸው ደግሞ ነገ ደፉ ላይ ተቀምጠው በሬዎቹን ይመልሳሉ። እሑድ ቤታችሁ የዓሣ ነው።»

«አውቃለሁ። ነገ ጠዋት አመጣቸዋለሁ። ራሳቸው ይቆፍሩታል።»

«እሺ ባይሉስ? አያትሽ እኮ ናቸው። እሺ ያሉት መቼ ነው?»

ሁለቱን ባዶ ጉድጓዶችም ሞልታ፣ ሣሩን ከነሥሩ እያነሣች ቦታ ቦታው መለሰችው፤ በእግሯም ረገጠችው። እሺ ባይሉ ቤቱ እንደሚሄድ፣ እናቷ በየበሩ የለመነችው ልመና ሁሉ ገደል እንደሚገባ ታውቃለች። እጇ ግን ሥራውን አላቆመም።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው። «ለዶኛ ፊሎሜናም።»

ቴልሞ አካፋውን አሸዋው ላይ እየጎተተ ጥቂት ሄደ። «ለመናገር የምቸኩል ይመስልሻል?» አለ ወደ ኋላ ሳይዞር። «ይሄ የተነገረ ቀን እኮ ውሸታሞቹ እኛ ነን።»

*

ዓርብ ከሰዓት አያቷ ከቤቱ ሥር ገብተው እንዲያዩ ስትለምናቸው ሥራ አለብኝ አሏት። ዶን ኩስቶዲዮ ያገኙትን ስትነግራቸው፣ ኩስቶዲዮ የፖም ጠጅ ጠጥቶ ይሆናል አሉ። ዶኛ ፊሎሜና ያሉትን ስትነግራቸው ደግሞ የእነዚያ ሰዎች ምላስ ከመቼ ወዲህ ነው የሚታመነው ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ዶራሊሳ ትዕግሥቷ አለቀ። አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ውጪ፤ እዚያ ገና አልጨረስኩም» አሉ።

«ከቤቱ ሥር ገብተው እስኪያዩ አልወጣም።»

«ይበርድሻል።»

«ይብረደኝ። እኔም ሚያኩራ ነኝ፤ መቀመጥ አያቅተኝም።»

ጥለዋት ሄዱ። ዝናብ ጀመረ። ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ውሃ ያዘ፤ ከቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። እናቷ በመስኮቱ ብቅ ብላ ሁለቱንም አየቻቸውና ግራ እንደገባት መልሳ ዘጋችው። ዶራሊሳ ጥርሷ እየተንገጫገጨ በልቧ አያቷንም፣ አባታቸውንም፣ ንጉሡንም ተራ በተራ ረገመች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የአያቷ ካፖርት ራሷ ላይ ወደቀ። ቀና ስትል ዶን ኤሌውቴሪዮ በሸሚዝ ብቻ በጭቃው ላይ ተንበርክከው በደረታቸው ወደ ቤቱ ሥር እየተሳቡ ነው።

ተከትላቸው ገባች። ጣቶቻቸው ሰንሰለቱ የበላውን አገኙ። ከዚያ ዛጎሎቹን። ብዙ ጊዜ ዳበሷቸው፤ በቢላዋቸው ጫፍ አንዷን ነቅለው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

«አባቴ» አሉ፤ «አንድ ቀን እንኳ...» ብለው አልጨረሱትም።

ወጥተው እራት ሳይበሉ ተኙ። ዶራሊሳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ነገ ወደ ሎባ እንሄዳለን ወይ ሳትላቸው ካፖርታቸውን በሩ ላይ ሰቀለችላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋቸው ባዶ ነበር። እናቷ ጮኸች፤ ዶራሊሳ በባዶ እግሯ ሮጠች። ደፉ ላይ የሉም፤ ጓሮውም ውስጥ የሉም። ባሕሩ ዳር አገኘቻቸው። አካፋቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ውሃው እስኪሸሽ ቆመው ይጠብቃሉ።

«እስከ ቀትር ነው እንዴ የምትተኚው?» አሏት።

በሬዎቹ ከየአቅጣጫው እየመጡ ነበር። ዶን ኩስቶዲዮ ሰንሰለታቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። ዶን ኤሌውቴሪዮ ወደ ሎባ እንደሚሻገሩ፣ የሚፈልጉትን ካገኙ ቤቱን ወደፈለጉበት እንዲወስዱት፣ ካላገኙ ግን ተመልሰው ደፋቸው ላይ እንደሚቀመጡ በአጭሩ ነገሯቸው። ዶን ኩስቶዲዮ ባሕሩን አዩ፤ ዶራሊሳን አዩ፤ ውሃው ተመልሶ እስኪሞላ ብቻ እንጠብቃለን አሉ። ቴልሞ ሳይጠራ ከኋላቸው ተከተለ።

ሎባ ላይ ዶን ኤሌውቴሪዮ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ብቻቸውን አገኙት። ቆባቸውን አውልቀው ላዩ ላይ ቆሙ። ዶራሊሳ አሁን ይቆጥራሉ ብላ ስትጠብቅ ስለ ፀሐይ ክርክር ጀመሩ። ባውቲስታ የቀበረው በጥር ነው፤ በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከዚያ ሳይሆን ትንሽ ወደዚህ ብላ ነው፤ ይሄን የማያውቅ ሰው መቆፈር የለበትም። ወደ ቀኝ ዞሩ። ቴልሞ ዐይኑን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ዶራሊሳ ምላሷን ነከሰች።

አርባ ቆጠሩ። ከቦታው በስድስት እርምጃ ስተዋል። ቆፈሩ፤ የለም። ከኋላቸው ውሃው በአሸዋው ጠርዝ ተመልሶ መግባት ጀምሯል። ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ቆሙ፤ እንደገና ቆጠሩ፤ አሁን በአንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሳቱት። ዶራሊሳ እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ ያዘች። አባባ፣ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ግራ ብላ ልትጮኽ ደረሰች። ዶን ኤሌውቴሪዮ አካፋውን ለመትከል እግራቸውን ከፈት ሲያደርጉ ግራ ጫማቸው ትንሽ ሰመጠ። ቆሙ።

ጫማቸውን አንሥተው መልሰው ረገጡ። ከዚያ ተንበርክከው መዳፋቸውን ሣሩ ላይ አሳረፉ፤ አንዱን ጓል ፈርክሰው አሸተቱት። መሬት ሲነካና ሳይነካ እንዴት እንደሚሸት እንደ እሳቸው የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር የለም።

«ይሄ አፈር ተነክቷል» አሉ።

ቴልሞ ሳል ያዘው።

«አሳማ ይሆናል» አለች ዶራሊሳ።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ቀና ብለው አዩዋት። ፊቷን አዩ፤ ከዚያ ከኋላዋ የደበቀቻቸውን እጆች ለማየት የፈለጉ ይመስል አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ጥፍሮቿ ውስጥ ያለው ጭቃ ዝናብ ላይ ብትቀመጥም አልለቀቀም። የያዙትን አፈር ቀስ ብለው ቦታው መለሱት።

«ቆፍሮ፣ ሣሩን ቦታ ቦታው መልሶ የሚሄድ» አሉ። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጨዋ አሳማ አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና አካፋቸውን አነሡ።

«ራቅ በይ በይ» አሏት፤ «ይሄ የልጅ ሥራ አይደለም።»

ዶራሊሳ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች።

«እሺ፣ አባባ» አለች።